ሎኬሽን ሳናይ ዋጋ አንናገር፦ ለድሬ እና ለሐረር የካሜራ ልጆች

ሰላም የቤቱ ሰዎች። በተለይ ድሬ እና ሐረር ሆናችሁ በካሜራ የምትተዳደሩ፣ ይቺን አንብባችሁ ሐሳብ ስጡበት።

እኛ ጋ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ካሜራ አለህ ነው። ቀጥሎ በቀን ስንት ትላለህ ነው። ሎኬሽኑን፣ ማለትም የሚቀረጽበትን ቦታ፣ አይተኸዋል ወይ የሚል ሰው የለም። እኛም የካሜራውን ስም እንጠራለን፣ ዋጋ እንቆርጣለን፣ በቀረጻው ቀን ጠዋት ቦታው ላይ እንገናኛለን። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

አቋሜን ላስቀምጥ። ሲኒማቶግራፈር (ምስሉን የሚቀርጸው ባለሙያ) የሚቀጠረው ብርሃን እንዲያነብ ነው። ብርሃን ደግሞ በስልክ ወሬ አይነበብም። ስለዚህ ቦታውን ሳናይ ዋጋ አንናገር። ቦታ የምናይበት ቀንም ይከፈልበት።

ይህ የትም ቢሆን ይሠራል፤ እኛ ጋ ግን ይብሳል። ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር ስትገባ ግን 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ድሬ ከዚራ ሰፈር መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ ነው። ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች የተዋናዩን ፊት ቡራቡሬ ታደርገዋለች። በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ አለ። አንዱ ጋ የሠራልህ ዘዴ ሌላው ጋ ያሳፍርሃል።

ቀትርን እንውሰድ። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከምናምን ላይ ነን። ፀሐይ አናት የምትደርሰው ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ እና ነሐሴ ማብቂያ ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት ድሬ ባቡር ጣቢያው ፊት ሰው አቁመህ ብትቀርጽ ዓይኑ አይታይም። ከቅንድቡ ሥር ያለው ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ቀትር ላይ አይቀረጽም የሚባለው ለዚህ ነው። ጀጎል ውስጥ ግን በዚያው ሰዓት ፀሐይ አንዱን ነጭ ግድግዳ ትመታለች፣ ግድግዳው ብርሃኑን ወደ ማዶው ይመልሰዋል። ሰውየውን ጥላው ውስጥ፣ ፊቱን ወደበራው ግድግዳ አድርገህ አቁመው። እንደዚያ ያለ ለስላሳ ብርሃን በኪራይ መብራት ለማምጣት ብዙ ገንዘብ ይወጣል። ግን የትኛው መንገድ ላይ? በስንት ሰዓት? ለስንት ደቂቃ? ይህን የሚያውቀው ሄዶ የቆመበት ሰው ነው።

ጥያቄዬ፦ ሎኬሽን ላያችሁበት ቀን የሚከፈላችሁ አላችሁ? ውል ላይስ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

*

መልሱ ስለበዛ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀልለት በራሴ አባባል አሳጥሬ በቁጥራቸው አስቀምጫቸዋለሁ። ሰላምታውን እና ምርቃቱን አልፌዋለሁ። ስድቡንም እንዲሁ።

1ኛ። የጀጎል ልጅ ነው። በሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ተስማምቶ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። የጀጎል መንገድ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋው መንገድ ፀሐይ የሚያገኘው ቀትር ላይ ለአጭር ጊዜ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው ግን ጠዋት እና ማታ ፀሐይ በቁመቱ ትገባበታለች። እሱ ቦታ ሲያይ በስልኩ ኮምፓስ የእያንዳንዱን መንገድ አቅጣጫ መዝግቦ ነው የሚመለሰው።

2ኛ። ምን ዓይነት ካሜራ እንደምጠቀም ብቻ ጠየቀ። ለጊዜው አለፍነው።

3ኛ። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር የሰርግ ቀራጭ ነው። የእሱን ታሪክ ደግሜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሐረር በባህላዊ ቤት ውስጥ ሙሽራ ሲቀርጽ አገጯ እና አንገቷ ቀይ እየሆነ አስቸገረው። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ሲነካካ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። ሌንሱን ቀየረ፤ ያው ነው። ኋላ ላይ ዓይኑን ወደ ታች ሲጥል ነገሩ ገባው። ወለሉ እና ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ቀይ ቀለም የተቀባ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። የበሩ ፀሐይ ወለሉን መትቶ ወደ ላይ ሲመለስ ቀዩን ይዞ ይነሳል። መድኃኒቱ አቡጀዲ ሆነ። ካሜራው ከሚያየው ውጭ፣ ልክ ከእግሯ ሥር አነጠፈው። ቀዩ ጠፋ፣ ፊቷም በራ። ግን አቡጀዲ የሚገዛ ሰው ገበያ ተልኮ እስኪመለስ ሙሽራዋ ለብሳ ተቀምጣ ጠበቀች፣ ሽማግሌዎቹም ተቆጡ። ቤቱን ቀድሞ አይቶት ቢሆን ኖሮ ከድሬ ጠቅልሎት ይወጣ ነበር። እኔ ለማለት የፈለኩት ይህንኑ ነው።

4ኛ። አንድ ጀማሪ ልጅ በትሕትና የራሱን ችግር አመጣ። ድሬ ላይ በቀን የሚቀርጸው ቪዲዮ እንቅስቃሴው ይቆራረጥበታል። ብርሃኑ ሲበዛበት ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እስከ ሰከንድ 2000ኛ ድረስ እንደሚያወጣው ጻፈ።

5ኛ። መልሱን የሰጠው ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ሂሳቡን ቁጭ አደረገለት። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና ሸተር 100ኛ ላይ ትክክለኛው አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 16 ነው። ሎግ (ቀለሙ በኋላ የሚስተካከል ደብዛዛ ምስል) ስትቀርጽ በአንዳንድ ካሜራ አይኤስኦው 800 ይሆናል፤ ይህ ሦስት ስቶፕ ነው (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጽ ሸተርህ 50ኛ መሆን አለበት፤ አንድ ስቶፕ ተጨመረ። አሁን ኤፍ 64 ደረስክ፤ እንደዚያ የሚዘጋ ሌንስ ደግሞ የለህም። በኤፍ 2.8 ለመቅረጽ ከፈለክ ዘጠኝ ስቶፕ መቀነስ አለብህ። ያንን የሚቀንስልህ ሸተር አይደለም፣ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚደረግ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ነው። ልጁ ለአዲስ ካሜራ የሚያጠራቅመውን ብር መጀመሪያ ለፊልተር ቢያውለው ይሻለዋል አለ። እኔም እስማማለሁ።

6ኛ። 5ኛውን አመስግኖ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። እየተሽከረከረ የሚጠቁረው ርካሽ ኤንዲ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሃል ላይ ጥቁር መስቀል ያወጣል፣ የሰውንም ቆዳ ቀለም ያበላሻል። ከተቻለ ቋሚ ኤንዲ ይሻላል። በዚያው ስለ ማታ ቀረጻ አነሳ። ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቆቹ ውስጥ ብዙ ልጆች በ30 ፍሬም እና በ60ኛ ሸተር ይቀርጻሉ፣ ከዚያ ምስሉ ላይ መስመር ሲንከባለል ካሜራው ተበላሸ ይላሉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሸተሩን 50ኛ ወይም 100ኛ አድርጉት፣ መስመሩ ይጠፋል። ይህን ድሬ ላይ ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ባለኝ!

7ኛ። 2ኛው ተመልሶ መጣ፣ ትንሽ ተቆጥቶ። ካሜራ ዋጋ የለውም የምትሉት ስላላችሁ ነው አለ። ሐረር የጅብ ትርኢት ሲቀርጽ አሮጌው ካሜራው ጨለማውን ጭቃ አደረገበት። በኋላ ሁለተኛው ቤዝ አይኤስኦ (ለጨለማ የተዘጋጀው የብርሃን ስሜቱ) 12,800 የሆነ ካሜራ ተከራይቶ ሲሞክር ግን ንጹሕ ምስል አገኘ። ቅሬታው ተገቢ ነው። ካሜራ ዋጋ የለውም ያለ ሰው ግን የለም። ካሜራው ሁለተኛ ጥያቄ ይሁን ነው ያልነው።

8ኛ። ለ7ኛው የመለሰው ራሱ ጅብ በሚመገብበት አካባቢ ያደገ ልጅ ነው። ጥያቄው አጭር ናት፦ የጅቦቹ ዓይን እንዴት ሆነብህ? መብራቱን ሌንሱ አጠገብ ካደረግከው ብርሃኑ ከዓይናቸው ቀጥታ ይመለስና ሁለት ነጭ ነጥብ ይሆናል። ወደ ጎን ራቅ ካደረግከው ዓይናቸው ዓይን ይሆናል። ለማስፈራሪያ ትዕይንት አንደኛው ይበጃል፣ ለዶክመንታሪ ሁለተኛው። ይህንን የትኛውም ካሜራ አይወስንልህም። ደግሞ መብራት ከመትከልህ በፊት መጋቢውን አስፈቅድ አለ። እንስሳቱ የለመዱት ድምፅ እና ብርሃን አላቸው።

9ኛ። ወደ 1ኛው ተመልሶ፣ ጀጎል ውስጥ ወደ ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ሁልጊዜ ፀሐይ ያገኛል፣ ስለዚህ እሱን ብቻ መፈለግ ይበቃል አለ።

10ኛ። ወዲያው ታረመ፣ በጨዋ ቋንቋ። ያ ለታኅሣሥ ይሠራል። ታኅሣሥ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ወደ ደቡብ የሚያየው ግድግዳ ይበራል። ሰኔ ላይ ግን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ያኔ የሚበራው ማዶ ያለው፣ ወደ ሰሜን የሚያየው ነው። በታኅሣሥ ያየኸውን መንገድ አምነህ በሰኔ ከመጣህ የምታገኘው ጥላ ነው። 9ኛው አመስግኖ አለፈ።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚህ በኋላ የገንዘቡ ነገር መጣ።

11ኛ። ማስታወቂያ የሚያሠራ ፕሮዲዩሰር ነው። ቃሉ ጠንከር ይላል። አንድ ጊዜ ለሎኬሽን ከፍሎ ነበር። ሰውየው መጣ፣ በስልኩ ሁለት ቪዲዮ ቀረጸ፣ ምሳ በላ፣ ሄደ። በቀረጻው ቀን ካሜራውን አውቶ ላይ (ሁሉን ራሱ እንዲያስተካክል) አድርጎ ሠራ። ታዲያ የከፈልኩት ለምኑ ነው ይላል። በእጁ የሚያስገባው ነገር ካላገኘ ዳግም እንደማይከፍል ነገረን።

ይህ ሰው ብዙ ተሰድቧል። የጠየቀው ግን ትክክል ነው። ሎኬሽን አይቶ የተመለሰ ሲኒማቶግራፈር ወረቀት ማስረከብ አለበት። የትኛው ትዕይንት በስንት ሰዓት፣ ካሜራው በየት በኩል፣ ፀሐይ ቦታው ላይ ስንት ሰዓት ደርሳ ስንት ሰዓት እንደምትለቀው ይጻፍ። ሶኬት የት እንዳለ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ድምፁ ሳይሰማ የት እንደሚቆም ይጻፍ። የአዛን ሰዓት፣ የባጃጅ ጩኸት፣ የቀበሌ የትብብር ደብዳቤ፣ ሁሉም ይግባ። እንዲህ ያለ ወረቀት ተቀብሎ አልከፍልም የሚል ሰው ዓይን አውጣ ነው።

12ኛ። 11ኛው ላይ ወረደበት። እናንተ ፕሮዲዩሰሮች ቀብድ ሰጥታችሁ የቀረውን ትበላላችሁ፣ ደግሞ ወረቀት ትጠይቃላችሁ ነው ነገሩ። ንዴቱ የሚገባኝ ነው፤ ቀሪ ክፍያ ያልተበላበት ልጅ በከተማችን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ግን 11ኛው ለሌላው ሰው ጥፋት መልስ ሰጪ አይደለም።

13ኛ። ለእኔ የውይይቱ ከባዱ መልስ ይህ ነው። ልጁ እናቱን እና ሁለት ታናናሾቹን ያስተዳድራል። ካሜራው የራሱ አይደለም፣ በቀን ኪራይ ነው። ለሎኬሽን ክፈሉኝ ቢል ሥራው ለሌላ እንደሚሄድ ያውቃል። ሌላው ደግሞ በግማሽ ዋጋ፣ ቦታውንም ሳያይ እሺ ይላል። የተረጋጋ ሰው የሚመክረው ምክር ለእሱ ቅንጦት እንደሆነ ነገረኝ።

ወንድሜ፣ ይህን ከልቤ ነው የምመልስልህ። ብቻህን ተነስተህ ሥራ እንድታጣ አልፈልግም። አንዳንዶች የሚሠሩበት መላ አለ። የሎኬሽን ክፍያው የግማሽ ቀን ይሁን። ሥራው ከተሰጠህ ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ይታሰብ፣ ካልተሰጠህ ግን ይከፈልህ። እንዲህ ሲባል ቁም ነገረኛ አሠሪ አይሸሽም፤ ተጨማሪ ወጪ አልሆነበትማ። የሚሸሸው ሰባት ሰው አስደክሞ ሐሳባቸውን በነፃ ሰብስቦ ለስምንተኛው የሚሰጠው ነው። ዋጋ መስበሩ ግን በአንድ ሰው አይቆምም። ድሬ ያለነው ተነጋግረን ከዚያ በታች የማንሠራበት አንድ ወለል ዋጋ ካልያዝን አንተም እኔም እንጎዳለን።

14ኛ። እህታችን ናት፣ ሐረር የምትሠራ። በሰርግ ላይ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል የምትገባው እሷ ብቻ ናት። ሙሽራዋ ስትሰናዳ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ አክስቶች ሲያለቅሱ፣ ያ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚቀረጸው። ብርሃኑን የምታስተካክለው፣ ፎከሱን የምትይዘው፣ ማንን ከየት በኩል ማንሳት ነውር እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ቪዲዮው ሲያልቅ ግን ስሟ ረዳት ተብሎ ይገባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይገባም። ክፍያዋም የረዳት ነው። ስለ ውል ካነሳችሁ የሙያ ስም እና ክሬዲት የሚል መስመር ይግባ አለች።

ይግባ እንጂ! ካሜራውን ይዞ ምስሉን የወሰነ ሰው ሲኒማቶግራፈር ነው። ሴት ስለሆነች ሌላ ስም የለውም።

15ኛ። እሷ ላይ የማይረባ ነገር ጻፈ። አልደግመውም።

16ኛ። 1ኛው፣ ያ የመረቀን የጀጎል ልጅ፣ ለ15ኛው መለሰ። ትሕትናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጎን ትቶ፣ ይቅርታ ካልጠየቀ ከዚህ እንዲወጣ ነገረው። 15ኛው ጽሑፉን አጠፋ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

17ኛ። ወሬውን ለማብረድ ይመስለኛል፣ አንድ መምህር ወደ ታሪክ ወሰዱን። ሐረር ላይ ካሜራ ይዞ ከተቸገረ ሰው አንዱ ራምቦ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ነጋዴ ሆኖ ሐረር ሳለ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን ቡና ጓሮ እና ሙዝ ጓሮ ውስጥ ቆሞ አንስቶ ለቤተሰቡ ላከ። በደብዳቤው ፎቶዎቹ ነጭ የሆኑት በሚያጥብበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። መምህሩ ያን ጊዜ ውኃው፣ ዛሬ ሙቀቱ እና አቧራው ነው አሉ። ከዚህ በኋላ ድሬ ላይ በግንቦት ካሜራ እየጋለ ስለመጥፋቱ ብዙ ተወራ። የተስማማንበት፦ በሁለት ቀረጻ መሃል ካሜራው ይጥፋ፣ ጃንጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ነጭ ጨርቅ ይልበስ። ሜኑ ውስጥ የሙቀት ገደቡን ከፍ የሚያደርግ ምርጫ ካለውም ይከፈት። ሌንስ መንገድ ላይ አይቀየር፤ መኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ ይቀየር።

18ኛ። ወሬው በርጫ (የጫት ሰዓት) ላይ ደረሰ። ከቀትር በኋላ ድሬ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ ባለሙያውም ማረፍ ይፈልጋል። አንዱ ያ ጭር ያለ ሰዓት ለመንገድ ቀረጻ የተሰጠ ዕድል ነው አለ። ሌላው አቦ ሰውም ሰው ነው፣ በዚያ ሙቀት ማንም አይቆምም አለው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ቡድኑ በጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ከሆነ እረፍቱን አትከልክሉት።

19ኛ። ፕሮዲዩሰሩ፣ 11ኛው፣ ተመለሰ። ለ13ኛው ያልኩትን አንብቦታል። ወረቀቱ ከተሰጠው የግማሽ ቀኑን እንደሚከፍል ጻፈ። ግን ጥያቄ አለው፦ የቱ ግማሽ ቀን? ጠዋት ከታየ የማታውን በምን ታውቃላችሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ያ ወርቃማ የሚሉት የማታ ብርሃን ለቀረጻ የሚሆነው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ይወስን። የማታ ትዕይንት ካለበት ከ9 ሰዓት እስከ ጨለማ ይታይ። ከሌለበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7። ሁለቱም ካለበት ግማሽ ቀን አይበቃም፣ ሙሉ ቀን ተብሎ ይጻፍ።

20ኛ። የድሬው ሰው ሐረር ሲሄድ ትራንስፖርቱ በማን ነው ብሎ ጠየቀ። ዳይሬክተሩ አብሮ ካልመጣስ? በአሠሪው ይሁን ያሉ አሉ፤ በባለሙያው ያሉም አሉ፤ አልተቋጨም። እኔ ትራንስፖርት በአሠሪው ይሁን ባይ ነኝ። ዳይሬክተሩም መምጣት አለበት። እኔ ጥላ ያየሁበትን እሱ ሌላ ነገር ሊያይበት ይችላልና፣ ክርክሩ በቀረጻው ቀን ከሚሆን ቦታው ሲታይ ይለቅ።

21ኛ። 14ኛዋ እህታችን፣ ይህ ሁሉ ከመረሳቱ በፊት አንድ ሰው የውል ናሙና ይጻፍ አለች። የመጀመሪያውን ረቂቅ እኔ እጽፋለሁ። የሎኬሽን ቀን፣ የሚረከበው ወረቀት፣ ቀብዱ እና ቀሪው የሚከፈልበት ቀን፣ የሙያ ስም እና ክሬዲት ይኖርበታል። ስለ ድሮን ፈቃድ በቅርቡ ያስፈቀደ ሰው ካለ ያንን አንቀጽ እሱ ይጻፍልን። ጀጎል ውስጥ ለመቅረጽ ደብዳቤ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ደግሞ 1ኛው መላሽ ቢያስቀምጥልን።